ወሰዷቸው፣ ወሰዱት

ከመንገዱ አምስት ደረጃ ወርዶ አንድ የልብስ ማስተካከያ ቤት አለ። መስኮቱ ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ስለሆነ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ለሚያይ ሰው ከተማው ከጉልበት በላይ የለውም፤ የሚያልፈው ጫማና የሱሪ ጫፍ ብቻ ነው። ከዚያ መስኮት ሥር አንዲት የአርባ አራት ዓመት ሴት በስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ ትውላለች። ሥራ በጨረሰች ቁጥር ልብሱን ዘርግታ፣ አይታ፣ «ልክ ነው» ስለምትል እትዬ ልክ ተብላ ቀረች።

በአንድ ሱሪ ላይ የሰው ኑሮ ይህን ያህል ተጽፎ መገኘቱ ያስደንቃል። እትዬ ልክ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ተንበርክካ፣ የደንበኛውን ፊት ሳታይ ብዙ ታነባለች። የቀኝ ጫፉ ከግራው ቀድሞ ያለቀበት ሰው አንድ እግሩን ይጎትታል። ኪሱ የተለጠጠበት ሰው እጁን የሚያሳርፍበት አጥቷል። ስለዚህ ሁለቱን እግር አንድ ዓይነት አትቆርጥም፤ የሚጎተተውን ግማሽ ጣት ታሳጥረዋለች።

«እኩል አይደለም እኮ» ትላታለች ተኳሿ፣ ሱሪውን ልትተኩስ ስታነጥፈው።

«እኩል አይደለም። ልክ ነው።»

ተኳሿ አብራት የምትሠራ፣ ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ካውያ ይዛ የምትቆም፣ ምላሷ ከካውያዋ የሚፋጅ ወጣት ሴት ናት። ሁለቱም አገራቸውን ጥለው የመጡ ናቸው። ተኳሿ ጥገኝነት ካገኘች ዓመት አልፏታል። እትዬ ልክ ግን ገና በመጠባበቅ ላይ ነበረች፤ ከተፈቀደላት ትቀራለች፣ ካልተፈቀደላት ባሏን ከቤት ወዳወጡት ሰዎች አገር ትመለሳለች። በመካከል ሌላ መንገድ አልነበረም።

የጥገኝነት ጽሕፈት ቤቱ አሠራር እንዲህ ነው። አመልካቹ በተለያየ ጊዜ ሁለት ጊዜ ቃሉን ይሰጣል፤ ድምፁ ይቀዳል። የተቀዳውን አንድ ማሽን ያዳምጠዋል፣ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ቋንቋ ይመልሰዋል፣ ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን አድርጎ ያስተያያል፣ ከዚያ ከመቶ ነጥብ ይሰጣል። ከስልሳ በታች ያገኘ ወደቀ ማለት ነው። ወረፋ ላይ የሚውሉት ሰዎች ይህን ማሽን «አጅሬ» ብለው ይጠሩታል። «አጅሬ ምን አለሽ?» ይባባላሉ፣ ስለ አንድ ዓመለኛ ጎረቤት እንደሚያወሩ ሁሉ።

ተኳሿ ከአጅሬ ጋር የነበራትን ትውውቅ ለሚሰማትም ለማይሰማትም ታወራለች። «ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ 'ተኳሽ' አልኩታ። ለካ በእሱ ቤት ጠመንጃ ይዤ ዘምቻለሁ! ሦስት ወር ሙሉ 'በየትኛው ጦር ውስጥ ነበርሽ' ሲሉኝ ከረሙ። ካውያዬን ይዤላቸው ልሄድ ምንም አልቀረኝም።» ከዚያ በኋላ ነገሩ ገባት። የምትናገረውን ሁሉ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ሸመደደችው፤ በሁለተኛው ጊዜ አንዲት ቃል ሳታዛንፍ አወረደችው። ሰማንያ ስምንት አገኘች። «አጅሬ ሽምደዳ ይወዳል፣ እትዬ። እንደ ሰው አታውሪለት።»

እትዬ ልክ ግን የሸመደደችው ነገር አልነበራትም። የምትናገረው ያየችውን ነበር።

ባሏ በማዘጋጃ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ በዘጠኝ ዓመት ይበልጣታል። ስትዳር እናቷ አንድ ምክር ብቻ ነው የመከረቻት። «ባልሽን ጓዳ ውስጥ አንተ በይው፣ ደስ ይለዋል። በሰው ፊት ግን ከፍ አድርገሽ ጥሪው፤ አንቺ ያላከበርሽውን ጎረቤት አያከብርልሽም።» እትዬ ልክም እንዲሁ ኖረች። እንግዳ ሲኖር «እሳቸው ያውቃሉ፣ እሳቸውን ጠይቁ» ትላለች፤ በሩ ሲዘጋ «አንተ፣ መብራቱን አጥፋው እንጂ»። ባሏ ይስቅ ነበር። «የእኔ ሹመት እንግዳ እስኪወጣ ነው» ይላል። «ጫማቸውን ሲያጠልቁ እኔም ከሥልጣኔ እወርዳለሁ።»

አንድ ቀን አለቆቹ ዝርዝር ጠየቁት፤ በየሰፈሩ ማን እንደሚኖር፣ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ። ዝርዝሩ ለምን እንደተፈለገ ገብቶታልና አልሰጥም አለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ ሲላጭ መጡ።

እትዬ ልክ የመጀመሪያውን ቃሏን የሰጠችው በሰው ፊት ነው። አንዲት ጉንፋን የያዛት መርማሪና አንድ አስተርጓሚ ነበሩ። አስተርጓሚው ሽማግሌ ናቸው፤ ኮታቸው ያረጀ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሰው ሲናገር ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያዳምጡ። እሷም እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ባሏን በሰው ፊት እንደምታነሳው አነሳችው።

«ጠዋት ነው። እየተላጩ ነበር፤ ግማሽ ፊታቸውን ብቻ ተላጭተዋል። ገብተው ከመስታወቱ ፊት አወጧቸው። ፎጣው ትከሻቸው ላይ እንዳለ ጭነው ወሰዷቸው። እስከ ዛሬ አልተመለሱም።»

ሽማግሌው ይህን ሲያስተረጉሙ ዓይናቸውን ገለጡ። ለመርማሪዋ ስለ አንድ ሰው፣ ግማሽ ፊቱን ስለተላጨ አንድ ባል ነገሯት። እሷም በወረቀቷ ላይ ጻፈች። ማሽኑ ግን የሚያዳምጠው የአስተርጓሚውን ቃል ሳይሆን የአመልካቿን ድምፅ ነበር።

ሁለተኛው ቃል ከአሥር ወር በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠራሩ ተለውጧል፤ መርማሪም አስተርጓሚም የለም። አንድ ጠባብ ክፍል አስገቧት፣ በሩን ዘጉላት። ነጭ ግድግዳ፣ ወንበር፣ ስክሪን፣ ከጣት የማትበልጥ ማይክሮፎን። ከስክሪኑ የሴት ድምፅ መጣ፤ ዋና ከመጽሐፍ እንደተማረ ሰው ሁሉ ትክክል የሆነ፣ ግን ያልረጠበ አማርኛ። «እባክዎ የደረሰብዎትን ይናገሩ።»

እትዬ ልክ ወደ ግራ ዞረች። ወደ ቀኝ ዞረች። ማንም የለም። ከቤቷ ከወጣች ጀምሮ ሰው ሳያያት ስለ ባሏ ስታወራ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ትከሻዋ ወረደ። ነጠላዋን እንደምታወልቅ ሁሉ ጥንቃቄዋን አወለቀች።

«እየተላጨ ነበር» አለች። «ግማሽ ፊቱን ብቻ። ከመስታወቱ ፊት አወጡት። ፎጣው ትከሻው ላይ ነበር። ጭነው ወሰዱት። አልተመለሰም።» ከዚያ አለቀሰች፣ እንደ ልቧ። ድምፁ ትንሽ ጠበቃት። «ስለተናገሩ እናመሰግናለን። ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንለፍ?»

ደብዳቤው በስድስተኛው ሳምንት ሱቁ ድረስ መጣ። የጽሕፈት ቤቱን ቋንቋ የምታነበው ተኳሿ ናት፤ ካውያውን አቁማ፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ አነበበችው። አንብባ ስትጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረች።

«ሠላሳ አራት» አለች በመጨረሻ።

«ከስንት?»

«ከመቶ ነዋ፣ እትዬ።» ጣቷን በመስመሩ ላይ አስኬደች። «'አመልካቿ በመጀመሪያ ቃሏ ብዙ ሰዎች እንደተወሰዱ ተናግራለች። በሁለተኛው ቃሏ የተወሰደው አንድ ሰው ነው ትላለች። ዋናው ጉዳይ ላይ ቃሏ ስለተጣረሰ ሊታመን አይችልም።' ስንት ባል ነበረሽ እባክሽ?»

«ብዙ ሰው ብዬ አልተናገርኩም።»

«ይኸው፣ 'ግማሽ ፊታቸውን የተላጩ ሰዎች' ይላል። አጅሬ እኮ ወንዶቹን ሁሉ በሰልፍ አቁሞ ግማሽ ግማሽ ፊት ሲያስላጭ ነው ያየው።» ልትስቅ ጀምራ የእትዬ ልክን ፊት አየችና ተወችው። ከደብዳቤው ግርጌ አሥራ አራት ቀን የሚል ነበር። በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ይግባኝ ካላለች ወደ መጣችበት ትመለሳለች።

በማግስቱ ለስደተኞች በነፃ የሚቆሙ ጠበቆች ቢሮ ሄዱ። ጠበቃዋ ፀጉሯን በእርሳስ የጠቀለለች ወጣት ናት። በቢሮው ጥግ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። እትዬ ልክ ኮታቸውን ቀድማ አወቀችው፣ ከዚያ እሳቸውን። አሁን ጽሕፈት ቤቱ አስተርጓሚ አይጠራምና እዚህ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ ያግዛሉ።

ጠበቃዋ ሁለቱን ቅጂ አከታትላ አሰማቻቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሁለተኛው ሲያልቅ፣ «አንድ ጊዜ ድገሚልኝ» አሏት። ተደገመ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን አገኙ?» አለች ጠበቃዋ።

«ሰው ማክበሯን ነው ያገኘሁት» አሉ። በአማርኛ አንድን ሰው ስናከብር እንደምናበዛው አስረዷት፤ ብቻውን ቆሞ ያለውን ሰው «መጡ፣ ተቀመጡ፣ ተወሰዱ» እንደምንለው፣ ብዙ ሰው እንደሆነ። ክብር ማለት አንዱን እንደ ብዙ መቁጠር መሆኑን ቋንቋችን ከእኛ ቀድሞ ማወቁ እንዴት ይገርማል። ጠበቃዋም ተገርማ እርሳሱን ከፀጉሯ መዘዘች።

«'ወሰዷቸው' የሚለው ቃል» አሉ ሽማግሌው፣ «ብዙ ሰዎችንም ይሆናል፣ አንድ የተከበረ ሰውንም ይሆናል። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው የሚሰማው ሰው ነው። ማሽኑ ሁልጊዜ ብዙ ያደርገዋል። እኔ በዕለቱ አንድ ሰው ብዬ አስተርጉሜያለሁ፣ መዝገቡ ውስጥ አለ። ያየው የለም እንጂ። ደግሞ ሁለቱም ቃል ላይ ግማሹ ፊት አለ፣ ፎጣው አለ። እንዲህ ያለ ነገር የሚፈጥር ሰው የለም።»

ጠበቃዋ ፊቷ በራ። ከመሳቢያዋ አንድ ቅጽ አወጣች። የእርማት ቅጽ ይባላል። ትንሽ ሳጥን አለችው፤ ከጎኗ «በመጀመሪያው ቃሌ ላይ ተሳስቻለሁ» የሚል ተጽፏል። ሳጥኗ ላይ ምልክት ከተደረገ ማሽኑ የመጀመሪያውን ቃል ትቶ እንደገና ይመዝናል። በሁለት ሳምንት ውጤት ይመጣል፤ እስካሁን ካየችው ሁሉ ያለፈ እንጂ የወደቀ የለም። ሌላው መንገድ ዳኛ ፊት መቅረብ ነው። እሱ አምስት ወር ይፈጃል፣ ዳኛው እንቢ ካለ ደግሞ ከዚያ በኋላ በር የለም።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ አስተረጎሙላት።

«ምን ብዬ ነው ምልክት የማደርገው?» አለች እትዬ ልክ።

«ተሳስቻለሁ ብለሽ።»

«ምኑን ነው የተሳሳትኩት፣ ጋሼ?»

ተኳሿ ከኋላ ጣልቃ ገባች። «እትዬ በናትሽ፣ አንዲት ጭረት እኮ ናት! የአፍ ወለምታ ነበር በይና አድርጊ። ለአጅሬ ብለሽ ልትከራከሪ ነው? ግድግዳ ጋር?»

«ወለምታ አልነበረም። በሰው ፊት ባሌን እሳቸው ብዬ መጥራቴ ስህተት ነው ብዬ ልፈርም? ዛሬ የት እንዳሉ እንኳ አላውቅም። ያለኝ እኮ አጠራራቸው ብቻ ነው።»

«መመለስ ሊመጣ ይችላል፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው በቀስታ። «አስቢበት። ማንም አይፈርድብሽም።»

«አስቤዋለሁ። ሰው ይስማኝ።»

አምስቱ ወር እንዴት እንዳለፈ የሚያውቀው መስኮቱ ነው። ቦት ጫማ ሄዶ ሸበጥ መጣ፣ ሸበጥ ሄዶ ቦት ጫማ መጣ። እትዬ ልክ ዚፕ ቀየረች፣ ጃኬት አጠበበች፣ የሙሽራ ቀሚስ ሁለት ጊዜ አሰፋች፤ ሙሽራዋ በደስታ እየወፈረች አስቸግራት ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ አልፎ አልፎ መኪናውን አቁማ ባዶውን ጨርቅ ታያለች። ሽማግሌው ደግሞ በጠበቆቹ ቢሮ የወደቁ ሰዎችን ቅጂ መስማት ጀመሩ፤ በዚያው ምክንያት የወደቁ አሥራ አንድ ሰዎች አገኙ። አንዱ ስለ አባቱ ነበር የተናገረው። አንዷ ስለ ታላቅ እህቷ።

የችሎቱ ቀን ክፍሉ ከጠበቀችው ያነሰ ነበር፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ የውሃ ጠርሙስ፣ የሚንቋቋ ወንበር። ዳኛዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ትልቅ ሴት ናቸው። የጽሕፈት ቤቱ ተወካይ ሥርዓት ያለው፣ ለስላሳ ሰው ነበር። «ማሽኑ ማንንም አይወድም፣ ማንንም አይጠላም» አለ። «ለሁሉም አንድ መለኪያ ነው። ፍትሕ ማለትም ይኸው ነው።»

ጠበቃዋ አሥራ አንዱን ሰዎች አነሳች። ዳኛዋ እጃቸውን አነሱ፤ ዛሬ የሚያዩት የዚህችን ሴት ጉዳይ ብቻ መሆኑን ተናገሩ። ከዚያ ወደ እትዬ ልክ ዞሩ።

«በዚያ ጠዋት ቤት ውስጥ ስንት ሰው ነበር?»

ሽማግሌው አስተረጎሙ። «ሁለት» አለች እትዬ ልክ። «እኔና እሳቸው።»

«ስንቱን ወሰዱ?»

በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃት አልነበረም። መርማሪዋ አልጠየቀቻትም፣ ማሽኑም አልጠየቃትም፤ ደመረ እንጂ። «አንድ» አለች።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወረዱ። «አንድ ነገር አልገባኝም። አስተርጓሚው የሚሉትን ተቀብያለሁ። ለባለቤትዎ የክብር አጠራር ይጠቀማሉ። እሺ። ታዲያ በሁለተኛው ጊዜ ለምን ተዉት? ያ ሰው ያው ባለቤትዎ ነው። ክብሩ የት ሄደ?»

ይህ ማንም ያላሰበው ጥያቄ ነበር። ጠበቃዋ ወረቀቷን ማገላበጥ ጀመረች። ሽማግሌው ጥያቄውን ወደ አማርኛ መልሰው፣ አቀርቅረው ጠበቁ። እትዬ ልክ ግን ጥያቄው ራሱ ገርሟት ዳኛዋን ቀና ብላ አየቻቸው፤ እንዴት ይህ ይጠፋቸዋል እንደማለት።

«እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው አልነበረም» አለች።

ሽማግሌው አስተረጎሙት። በእነሱም ቋንቋ አጭር ሆነ። ተወካዩ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስተኛው።

«ብቻችንን ስንሆን አንተ ነው የምለው» ስትል ቀጠለች፣ ለማስረዳት ያህል፣ ጆሮዋ እየጋለ። «ብቻዬን ነበርኩ። ከእሱ ጋር ያወራሁ መስሎኝ ነው።»

ውሳኔው በሃያ ሦስተኛው ቀን ጠበቃዋ ቢሮ ደረሰ። አራቱም ነበሩ። ጠበቃዋ ፖስታውን ከፍታ የመጀመሪያውን ገጽ አየችና በሁለት እጇ አፏን ያዘች፤ ሽማግሌውም «ተፈቅዶልሻል፣ ልጄ» አሉ። ተኳሿ የእትዬ ልክን ክንድ ይዛ ነቀነቀቻት። «ሰማሽ? ትቀሪያለሽ! ቅሪና አሳሪኝ እንግዲህ!»

በመጨረሻው ገጽ ላይ ዳኛዋ ለጽሕፈት ቤቱ አንድ ነገር ጽፈው ነበር፤ በዚያ ምክንያት የወደቁትን ሰዎች ቃል ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው እንዲያዳምጠው። ጽሕፈት ቤቱ ይህን ይፈጽም አይፈጽም ጠበቃዋም አላወቀችም።

«ምን ብለው ነው የጻፉት?» አለች እትዬ ልክ። «ሁሉንም ያንብቡልኝ።»

ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ ብርሃኑ አስጠጉና እያነበቡ ወደ አማርኛ መለሱላት፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ፣ ሳይቸኩሉ። ሁለተኛው ገጽ መካከል ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«'ፍርድ ቤቱ የአመልካቿን ባለቤት ከቤታቸው እንደወሰዷቸው፣ እስከ ዛሬም እንዳልተመለሱ፣ ወደፊትም ይመለሳሉ ብሎ ለማመን የሚያበቃ ምክንያት እንደሌለ መርምሮ፣ እውነት ነው ሲል ተቀብሏል።'»

እትዬ ልክ አልተንቀሳቀሰችም። ይህን ነገር ለመርማሪዋ ተናግራዋለች፣ ለማሽኑ ተናግራዋለች፣ ለጠበቃዋና ለዳኛዋ ተናግራዋለች። እስከዚህ ቀን ድረስ ግን የእሷ ቃል ብቻ ነበር፤ ሰው ሊጠራጠረው የሚችል። ሰው ሊጠራጠረው የሚችል ነገር ደግሞ ላይሆንም ይችላል። ሁለት ዓመት እንዲያምኗት ስትለምን ከርማ፣ ሲያምኗት ምን እንደሚመጣ አላሰበችውም ነበር።

«ተቀበሉት?» አለች።

«ተቀበሉት፣ ልጄ።»

«አልተመለሱም የሚለውንም?»

«አዎ።»

ወንበሩን ዳብሳ ተቀመጠች። ተኳሿ ክንዷን ለቀቀቻት። ጠበቃዋ ፊት፣ ሽማግሌው ፊት፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ወረፋውን በሚጠብቅ አንድ የማታውቀው ሰው ፊት፣ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ፣

«ወሰዱት እኮ» አለች። «ወሰዱት።»

ጠበቃዋ ምን እንዳለች ለማወቅ ወደ ሽማግሌው ዞረች። ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፤ አላስተረጎሙላትም።